ብንቀር ማን ይደውልልናል?



እኛ እንግሊዝ አገር የምንኖር የአማርኛ ተናጋሪ አማኞች ኅብረት ነን። የራሳችን ሕንፃ የለንም። እንደ ብዙዎቹ የስደት አብያተ ክርስቲያናት እሑድ ከሰዓት በኋላ የምናመልከው በተከራየነው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጠዋት እንግሊዞቹ ያመልካሉ። እነሱ ሲወጡ እኛ ኪቦርዳችንንና ድምፅ ማጉያችንን ተሸክመን እንገባለን። በር ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን። የሚወጡት ብዙ ጊዜ ከሃያ ሰው አይበልጡም፤ አብዛኞቹም ፀጉራቸው የነጣ ነው።

የሕንፃውን ቁልፍ የሚያስረክቡን አንዲት እንግሊዛዊት እናት አሉ። አንድ እሑድ ዝናብ ይዟቸው ከእኛ ጋር ሻይ ሲጠጡ፣ ከመካከላችን አንዱ ሁላችንም በልባችን የያዝነውን ጥያቄ ድንገት አወጣው። ይህን ያህል ያማሩ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት አገር ሕዝቡ ለምን አይገባባቸውም? አላቸው። እኚህ እናት አልተቀየሙም። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን አይሂድ እንጂ ይወዳታል አሉ፤ ካላመናችሁ «ዲብሊ»ን ተመልከቱ ብለው ሳቁ።

ተመለከትነው። መጀመሪያ ለመሳቅ ነበር። ጥቂት ክፍል ካየን በኋላ ግን ሳቃችን ውስጥ የሚወጋ ነገር እንዳለ አወቅን። ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ያንን ነው።

ዲብሊ የት ናት?

«ዘ ቪካር ኦፍ ዲብሊ»፣ በእኛ አነጋገር «የዲብሊ መጋቢ»፣ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1994 ማሳየት የጀመረው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። የፈጠረው ሪቻርድ ከርቲስ ሲሆን ፖል ሜሂው-አርቸር አብሮት ጽፏል። ዋናው ታሪክ ያበቃው በ2007 የአዲስ ዓመት ቀን ነው። ዲብሊ በካርታ ላይ የለችም፤ በኦክስፎርድሸር አውራጃ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች የገጠር መንደር ናት። በድራማው የምናየው መንደርና ቤተ ክርስቲያን ግን የእውነት አለ፤ ተርቪል የምትባል በበኪንግሃምሸር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት።

ታሪኩ የሚጀምረው የመንደሩ አሮጌ መጋቢ ሲሞቱ ነው። የመንደሩ ምክር ቤት ተሰብስቦ ምትካቸውን ይጠብቃል። በር ተከፍቶ የምትገባው ግን ማንም ያልጠበቃት ሴት ናት፤ ጄራልዲን ግሬንጀር ትባላለች። ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ቸኮሌት ስታይ ራሷን መግዛት የሚያቅታት ሰው ናት። የምትጫወታት ዶውን ፍሬንች ናት። ድራማው በዚያ ጊዜ መውጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ሴቶች ለቅስና እንዲሾሙ በ1992 ወስኖ፣ የመጀመሪያዎቹ 32 ሴቶች በመጋቢት 1994 በብሪስቶል ካቴድራል ተሹመው ነበር። በዚህ ጉዳይ የእኛ አብያተ እምነቶች የተለያየ አቋም እንዳላቸው እናውቃለን። የዛሬው ጉዳያችን እርሱ ስላልሆነ እናልፈዋለን።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ዴቪድ ሆርተን የመንደሩ ባለጸጋ ነው። ሴት መጋቢ መሆኗን ሲያይ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊያስነሣት ይጥራል። ልጁ ሂዩጎ ደግ ነው፤ ነገር ግን ነገር ቶሎ አይገባውም። ጂም ትሮት አራት ጊዜ «አይ» ሳይል «አዎ» ማለት የማይችል ሽማግሌ ነው። ፍራንክ ፒክል ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ እርሱ መናገር ከጀመረ ግን ሰው ሁሉ እንቅልፍ ይጥለዋል። ኦወን ኒዊት ገበሬ ነው፤ ስለ ሆዱ ሕመም ማንም ሳይጠይቀው ይተርካል። ለቲሺያ ክሮፕሊ የምትባለው አረጋዊት የማይገናኝ ነገር ከማይገናኝ ነገር ጋር እየቀላቀለች ትጋግራለች፤ ሰው ሁሉ ከኬኳ ይሸሻል። አሊስ ቲንከር መጋቢዋን በቤተ ክርስቲያን ሥራ የምታግዝ ወጣት ናት፤ እርሷም በራሷ ዓለም የምትኖር ናት። አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ሲያበቃ ጄራልዲን ለአሊስ አንድ ቀልድ ትነግራታለች። አሊስ ቀልዱ አይገባትም። ጄራልዲን ግን በሚቀጥለው ጊዜ ደግማ ሌላ ትነግራታለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ምክር ቤት ስናይ የራሳችንን የሽማግሌዎች ስብሰባ ነው ያየነው። አንዱ የተስማማበትን ነገር እንኳ ተቃውሞ ካልጀመረ አይሆንለትም። ሌላው «አጭር ሐሳብ ነው» ብሎ ሰዓት ይወስዳል። ሌላው ስለ ጣሪያው ስንነጋገር ስለ ጉልበቱ ያነሣል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናይ እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ማን ጂም እንደሆነ፣ ማን ፍራንክ እንደሆነ ማንም አልጠቆመም፤ ሁሉም አውቋል።

በቤተ ክርስቲያን መሳቅ ይገባል ወይ?

አንዳንድ ቅዱሳን ይህን ስናወራ ሰምተው ተከፍተዋል። የእግዚአብሔር ቤት መሳቂያ ይሆናል ወይ? ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ድራማውን በሙሉ እዩት እያልን አይደለም። ለልጆች የማይሆኑ፣ ለአዋቂም ጆሮ የሚከብዱ ቀልዶች አሉበት፤ እነዚያን አንደግፍም።

ነገር ግን ሳቅ ሁለት ዓይነት ነው። ሰውን ዝቅ አድርጎ ከሩቅ የሚስቅ ሳቅ አለ፤ መዝሙር ምዕራፍ 1 የሚያወግዘው የፌዘኞች ወንበር እርሱ ነው። ሌላው ሳቅ ግን አብሮ ከተቀመጠ ሰው ጋር፣ ራስንም ጨምሮ የሚሳቅ ነው። ሣራ በእርጅናዋ ስቃለች። የመጀመሪያው ሳቋ የአለማመን ነበር። እግዚአብሔር ግን ቃሉን ከፈጸመ በኋላ ሳቋን የደስታ አደረገላት፤ የልጇም ስም ይስሐቅ፣ ማለትም «ይስቃል» ሆነ። የዲብሊ ሳቅ ሁለተኛው ዓይነት እንደሆነ የምናውቀው በአንድ ነገር ነው፤ ያ የሚሳቅበት ሰው በሚቀጥለው ክፍልም ከዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ስቀውበት አላስወጡትም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ሳቅ እንደምናስበው ሩቅ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ረሃብ ያላስታወሰ፣ ወይም ከወላጆቹ ያልሰማ ማን አለ? ይኸው ሪቻርድ ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ከኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ጋር ሆኖ «ኮሚክ ሪሊፍ» የተባለውን የእርዳታ ድርጅት የመሠረተው በዚያ ረሃብ ምክንያት ነው። ሰዎችን አስቆ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ገንዘቡንም ለተራበ ማድረስ ነበር ሐሳቡ። በጥር 2005 የታየ አንድ የዲብሊ ክፍልም መንደርተኞቹን ስለ ዓለም ድህነት እንዲያስቡና እንዲነሡ የሚጠይቅ ነበር። ሳቅ ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት የምንቸኩል ከሆነ፣ ከሳቅ የተገኘ እንጀራ ወደ ተራቡት መድረሱን እናስታውስ።

የማይሄዱባትን ለምን ወደዷት?

ወደ እኚያ እናት አባባል እንመለስ። ሕዝቡ አይሄድባትም እንጂ ይወዳታል ብለውን ነበር። ነገሩ እውነት ነው። በ2004 ቢቢሲ የአገሪቱን ተወዳጅ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ሕዝቡ እንዲመርጥ ሲያደርግ፣ «ዲብሊ» ሦስተኛ ወጣች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የማይረግጥ ሰው የመጋቢ ታሪክ በሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ያያል። ምን ፈልጎ ነው?

አንዳንዱ ናፍቆት ብቻ ነው ይላል። ያለፈው ጊዜ፣ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ አረንጓዴ ኮረብታ፣ የማይለወጥ መንደር። በዚህም እውነት አለ። ዛሬ በእንግሊዝ ገጠር ያለ መጋቢ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ መንደር ሳይሆን በርከት ያሉ መንደሮችን ነው፤ እሑድ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ይሮጣል። ለአንዲት ትንሽ መንደር አንድ መጋቢ ራሱ ለብዙዎች ትዝታ ሆኗል።

ናፍቆት ብቻ ግን አይመስለንም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወደ 12,500 የሚጠጉ አጥቢያዎች አሏት፤ አገሩ በሙሉ በአጥቢያ የተከፈለ ነው። አንድ ሰው በየትም ይኑር፣ ቢያምንም ባያምንም፣ ቤቱ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ነው፤ የዚያ አጥቢያ መጋቢም እርሱንም ጭምር ሊያስብ ኃላፊነት አለበት። የእንግሊዝኛው «ፓሪሽ» የመጣው ከግሪክ ቃል ነው። የቃሉ ሥር በሰው አገር አጠገብ ለአጠገብ መኖርን፣ መጻተኝነትን ያመለክታል። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ አማኞችን እንግዶችና መጻተኞች ብሎ ሲጠራ የተጠቀመበት ቃል ዘመድ ነው። ስለዚህ አጥቢያ ማለት ከመሠረቱ የተመራረጡ ሰዎች ማኅበር አይደለም። እግዚአብሔር አንዱን ከሌላው አጠገብ ያስቀመጣቸው መንገደኞች ናቸው።

የዲብሊ ሰዎች አልተመራረጡም። ፍራንክ አሰልቺ ስለሆነ ሌላ መንደር አይሄዱም። ኦወን አፉን ስለማይጠብቅ አዲስ ምክር ቤት አያቋቁሙም። ዴቪድ ሆርተን መጋቢዋን ሊያስነሣ ይነሣል፤ ሆኖም እርሱም መንደሩን ትቶ አይሄድም፤ እርሷም ትታው አትሄድም። በየሳምንቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጊዜ ሲያልፍ ያ ሊያባርራት የነበረ ሰው ወዳጇ ይሆናል፤ እንዲያውም አንድ ቀን ለጋብቻ ይጠይቃታል። ይህ ለውጥ የመጣው በአንድ ታላቅ ስብከት አይደለም። መለያየት የማይችሉ ሰዎች ቀስ በቀስ የሚያደርጉት ነገር ነው።

እኛስ? እውነቱን እንናገር። በምንኖርበት ከተማ አንዳንዶቻችን ቅርባችን ያለውን የአማርኛ ኅብረት አልፈን፣ መዘምራኑ የሚሻሉበትን ፍለጋ አንድ ሰዓት እንነዳለን። ስብከቱ ሲሰለቸን እንቀይራለን። ሰው ሲያስቀይመን ሳንናገር እንጠፋለን። ሽማግሌዎች ሲጣሉ ደግሞ ሌላ አዳራሽ ተከራይተን ሌላ ስም እናወጣለን፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ «ራእይ» እንለዋለን። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ አካልን በምሳሌ ሲያነሣ፣ ዓይን እጅን አታስፈልገኝም ሊል አይችልም፤ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ ናቸው ብሎ አስተምሯል። እኛ ግን ዓይኖች ተሰብስበን የዓይኖች ቤተ ክርስቲያን መሥርተናል፤ እጅም ተቀይሞ የእጆች ኅብረት ከፍቷል።

የማያምነው እንግሊዛዊ በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የሚናፍቀው ይህንን ይመስለናል፤ ቢያስቸግርም የማይባረርበት፣ ቢሞኝም ስሙ የሚታወቅበት፣ ቢቀር የሚጠየቅበት ቦታ። ይህ ናፍቆት ክፉ አይደለም። እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ያስቀመጠው ረሃብ ነው።

ሦስት ምሳ

ከሁሉ ይበልጥ ያሳቀን የ1996 የገና ክፍል ነው። ጄራልዲን ማንንም እንቢ ማለት ስለማይሆንላት ለገና ቀን ከአንድ በላይ የምሳ ግብዣ ትቀበላለች። አንዱ ቤት በልታ ሳትጨርስ ወደ ሌላው መሄድ አለባት፤ በየቤቱም የገና ምሳ ሙሉ ነው፣ በየቤቱም እንዲቀር የሚፈቅድ የለም።

ይህን ለሐበሻ ማብራራት አያስፈልግም። በፋሲካ ቀን ምእመናንን ሊጠይቅ የወጣ መጋቢ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ቤት ዶሮ፣ ሌላው ቤት ዶሮ፣ ሦስተኛው ቤትም «በሞቴ! የእኔን ሳይቀምሱ?» ነው። መጋቢያችን ይህን ክፍል አብሮን ሲያይ ሆዱን ይዞ ነበር፤ ከሳቅ ይሁን ከትዝታ አላወቅንም።

ነገር ግን ልብ በሉ፣ ጄራልዲን ለምን እንቢ አላለችም? እያንዳንዱ ቤት የጠራት ስብከቷን ለማድነቅ ሳይሆን ብቻውን ገናን ላለማሳለፍ እንደሆነ ታውቃለች። ጌታችንም በወንጌል ውስጥ ስንት ጊዜ በሰው ማዕድ እንደተቀመጠ እንቁጠር፤ በሌዊ ቤት፣ በፈሪሳዊው በስምዖን ቤት፣ በማርታና በማርያም ቤት፣ በዘኬዎስ ቤት። ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል ብለው ያንጎራጎሩበት የበላው ምግብ አሳስቧቸው አልነበረም። ማዕድ መቀመጥ መቀበል መሆኑን ስላወቁ ነው።

ለቲሺያ እና እማማ

አሁን ወደሚከብደን ክፍል ደርሰናል።

በ1996ቱ የፋሲካ ክፍል ለቲሺያ ክሮፕሊ፣ ያች ሰው ሁሉ ከኬኳ የሚሸሽ አረጋዊት፣ አልጋ ላይ ሆና ልትሞት ተቃርባለች። ጄራልዲንን አስጠርታ አንድ ምሥጢር ትነግራታለች። በእንግሊዝ ባህል በፋሲካ ለልጆች እንቁላል ታመጣለች የሚሏት ጥንቸል አለች። በዲብሊ ያን ሥራ በድብቅ ስትሠራ የኖረችው ለካ ለቲሺያ ናት። ከእኔ በኋላ አንቺ ቀጥዪ፣ ለማንም አትንገሪ ትላታለች። ጄራልዲን ቃል ትገባለች። በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት የጥንቸል ልብስ ለብሳ ስትወጣ ግን በጨለማው ውስጥ ሌላ ጥንቸል ያጋጥማታል፤ ከዚያም ሌላ። ለቲሺያ ለሁሉም በየተራ ያንኑ አደራ ሰጥታቸው ኖሯል።

ስለ ጥንቸሏ አንከራከር። የትንሣኤ ትርጉም እርሷ እንዳልሆነች ሁላችንም እናውቃለን። እኛን ዝም ያሰኘን ሌላ ነገር ነው። የተሳቀባት ሴት ሰው ሳያያት መንደሩን ስታገለግል ኖራለች፤ ያወቁት ግን ስትለያቸው ነው።

በእኛም ኅብረት አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። እማማ ጸሎት ሲጀምሩ አይጨርሱም ነበር። ከአዳም ተነሥተው፣ አገር ቤት ያሉትን በስም ጠርተው፣ በሊቢያ በረሃ ያሉትን፣ በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩትን አስበው፣ የንጉሡንና የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጉዳይ ለጌታ አቅርበው ወደ እኛ ሲመለሱ የኪራይ ሰዓታችን ያልቃል። መዝሙርም በራሳቸው ዜማ ይዘምራሉ፤ ኪቦርዱ ወደፊት ሲሄድ እርሳቸው ወደኋላ። ወጣቶቹ ይሳሳቁ ነበር። የእኛ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ፕሮግራሙ እንዲያምር ብለን፣ አዲስ ሰው እንዳይሰለች ብለን፣ የእማማን የጸሎት ተራ አነሣን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ማይኩን ብቻ ለሌላ ሰጠነው።

ፕሮግራሙ አማረ። በሰዓቱም ማለቅ ጀመረ።

ወራት ካለፉ በኋላ ሰው እየቀነሰ መሆኑን አስተዋልን። ተነጋገርን። አንዲት እህት ቀድሞ አንድ እሑድ ከቀረሁ ሰኞ ጠዋት ስልክ ይደወልልኝ ነበር፤ አሁን ግን ቀረ አለች። ሌላው ወንድም ለእኔም ይደውሉልኝ ነበር አለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነበር። የቀረውን ሰው ሁሉ ሰኞ ሰኞ እየደወሉ የሚጠይቁት፣ ማንም ሳይመድባቸው፣ እማማ ነበሩ። ረጅሙ ጸሎታቸው ውስጥ የሚዘረዝሯቸው ስሞች ለካ ከየትም የመጡ አልነበሩም፤ በሳምንቱ ውስጥ በስልክ ያዳመጧቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚያ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እማማንስ መጨረሻ ያየናቸው መቼ ነው? ብሎ ጠየቀ። የመለሰ የለም። ከመጡ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነበር። የቀረ ሰው የሚደውሉት እርሳቸው ስለነበሩ፣ እርሳቸው ሲቀሩ የሚደውል ሰው አልነበረንም።

ሄድን። በር ከፍተው ሳሙን። ለምን ዘገያችሁ አላሉንም። ቡና አፈሉ፤ ቆሎ አቀረቡ። ይቅርታ ልንጠይቅ የተዘጋጀነውን ንግግር ገና ሳንጀምር እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ ስለ ልጆቻችን ጠየቁን። አንደኛው ወንድማችን መናገር አቅቶት አለቀሰ። እማማ ግን ራሱን እየደባበሱ፣ እኔም እኮ አስረዝማለሁ አሉ። ያን ሲሉ ሳቅን፤ እያለቀስን ሳቅን። ከዚያም ጸለዩልን። አልቸኮሉም፤ እኛም ሰዓት አላየንም።

ዲብሊ የጎደላት

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ግማሹን ብቻ ነው የምንነግራችሁ። ዲብሊ ፍቅር አላት፣ ማዕድ አላት፣ ትዕግሥት አላት። የጎደላትን ግን መናገር አለብን። በድራማው ኃጢአትና ንስሐ ብዙ ቦታ የላቸውም። መስቀሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ፤ በሰዎቹ መካከል ግን እምብዛም አይነሣም። ሰዎቹ የሚያስፈልጋቸው ደግ መሆንና አለመለያየት ብቻ ይመስላል። ቴሌቪዥን ስለሆነ ከዚህ በላይ አንጠብቅም። አደጋው ግን እኛም የምንፈልገው ያንኑ ብቻ ሲሆን ነው፤ ሞቅ ያለ ኅብረት፣ ቡና፣ የአገር ልጅ፣ ቋንቋችን። እነዚህ ስጦታዎች ናቸው፤ አዳኝ ግን አይደሉም። ሰው በፍቅር ተከብቦ ከእግዚአብሔር ጋር ሳይታረቅ ሊሞት ይችላል።

ሌላም እንጨምር። ያለ መስቀሉ፣ አብሮ መኖሩም ራሱ አይዘልቅም። በድራማ ጸሐፊው ሰዎቹን ያቆያቸዋል። በእውነተኛው ሕይወት የሚያስቀይመን ሰው እውነተኛ ነው፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። በሳቅ ብቻ አይድንም። ጳውሎስ በሮሜ 15፥7 እርስ በርስ እንድንቀባበል ሲያዝዝ መለኪያውን አብሮ ሰጥቷል፤ ክርስቶስ እኛን እንደተቀበለን። እማማ እኛን የተቀበሉን ቀልድ ስለሚወዱ አልነበረም። ራሳቸው ይቅር የተባሉ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው።

ደግሞም አስደናቂው ነገር፣ ድራማው ራሱ ሳያስበው መልሱን ይዞታል። የመክፈቻ ሙዚቃው ሃዋርድ ጉድኦል ዜማ የሰጠው መዝሙር 23 ነው። ሚሊዮኖች ለመሳቅ ቴሌቪዥን ሲከፍቱ አስቀድመው የሚሰሙት የእረኛውን መዝሙር ነው። ጄራልዲን መልካም ልብ ያላት ሰው ናት፤ ግን ያ መዝሙር ስለ እርሷ አልተዘመረም። ስለ እኛ መጋቢም አልተዘመረም። በሞት ጥላ ሸለቆ ውስጥ አብሮ የሚያልፍ፣ ማዕድ የሚያዘጋጅ፣ በጎቹንም በየስማቸው የሚጠራ አንድ እረኛ አለ፤ በዮሐንስ 10 እንደተናገረውም ነፍሱን ስለ በጎቹ ያኖራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በቤቱ ላላችሁ ወገኖቻችን፦ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። ባለፈው እሑድ ያልመጣ አንድ ሰው አስቡና ደውሉ፤ ለምን ቀረህ ለማለት ሳይሆን እንዴት ነህ ለማለት። በሚቀጥለው እሑድ ከምትሸሹት ሰው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሁላችንም የምንሸሸው ሰው አለን። በኅብረታችሁ ውስጥ ጸሎት የሚያስረዝሙ እናት ካሉ ደግሞ ተራቸውን መልሱላቸው። በእኛ ኅብረት እማማ አሁን በየእሑዱ ይጸልያሉ። ከሕንፃው በሰዓቱ አንወጣም። ቁልፍ የሚጠብቁት እንግሊዛዊት እናት አማርኛ አይገባቸውም፤ ግን ገብተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አብረው አሜን ማለት ጀምረዋል።

ገና ጌታን ለማወቅ በመንገድ ላይ ላላችሁ፦ ስማችሁ የሚታወቅበትን ቦታ መናፈቃችሁ ሞኝነት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ጂምን፣ ፍራንክንና ኦወንን ብታገኙ አትደንግጡ፤ እኛው ነን። ምናልባት ማይኩን ከእማማ የነጠቁትንም ታገኙ ይሆናል፤ እነሱም እኛው ነን። የምንጠራችሁ ግን ወደ ራሳችን አይደለም። ብንቀር የማይረሳን፣ ብንጠፋ የሚፈልገን አንድ እረኛ ስላለ ወደ እርሱ ነው። እርሱ እኛን ከታገሠን እናንተንም ይቀበላችኋል።

አባት ሆይ፣ አጠገባችን ያስቀመጥካቸውን ሰዎች ሳናይ ስላለፍናቸው ይቅር በለን። የሳቅንባቸውን እንድናከብር፣ ዝም ያሰኘናቸውን እንድንሰማ፣ የቀሩትን እንድንፈልግ ልብ ስጠን። ደክሞን በምንቀርበት ቀን አንተ በስማችን እንደምትጠራን አሳስበን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።